ቁርስ የሌለበት ጠዋት

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩና ነጭ ጋዋኔን ፍለጋ ቁም ሣጥኑን በረበርኩት። ጋዋኑን ከሁለት ቀን በፊት ለመሥሪያ ቤቱ መልሻለሁ። ትዝ ሲለኝ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሊለወጥብኝ ሲል ደግሞ ተነስቼ ግቢውን መጥረግ ጀመርኩ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ "ምነዋ ሲስተር ውዴ፣ ዛሬ እንኳ አይተኙም?" አለችኝ።

"ቅዳሜ አይደል እንዴ?" አልኳት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። እንዴትስ ይገባታል? ሰው ቅዳሜን ለእረፍት ይናፍቃል፤ እኔ የምናፍቀው የሞጣን ቅዳሜ ነው፤ ሃያ ሠላሳ ወጣቶች ከየቤታቸው የኪኒን ፖስታና የሽሮፕ ጠርሙስ ይዘው የሚመጡበትን ክፍል፣ የወንበሩን መንኳኳት፣ "ሲስተር እኔ ላንብብ! እኔ!" የሚለውን ጩኸት። አርጅቼም ናፍቆቱ አልለቀቀኝም። ከናፍቆቱ ጋር የተጣበቀ አንድ በደል ስላለብኝ ይሆናል።

የሥራዬ ስም በወረቀት ላይ ረጅም ነበር። ባጭሩ ነርስም ተመራማሪም ነበርኩ፤ የምመረምረው ደግሞ ወጣቶች ከሐኪም ቤት ይዘውት የሚወጡትን ወረቀትና ቃል እንዴት እንደሚረዱት ነው። ምርምር ሲባል ሰው ማይክሮስኮፕ ያስባል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በኪኒን ፖስታ ላይ ነው።

የጀመርኩት እዚሁ ቢቸና፣ በጤና ጣቢያ ነበር። ከነርስ ትምህርት ቤት ስወጣ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። እዚያ ጋሽ ይስማው የሚባሉ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ መድኃኒት ያድላሉ። አገሩ ሁሉ "ዶክተር" ነበር የሚላቸው። እውነተኛው ዶክተር ሲመጣ እንኳ በሽተኛው፣ "ይኸ ገና ልጅ ነው፣ ዶክተር ይስማውን ጥሩልኝ" ይል ነበር።

ጋሽ ይስማው በሽተኛ ሲያነጋግሩ በርጩማ ስበው ከበሽተኛው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሳያቸው ወገባቸውን የሚያማቸው መስሎኝ ነበር። ደግሞ ማንንም "ገባህ?" ብለው አይጠይቁም። የዚህን ምክንያት ያወቅሁት በአንድ ገበሬ ምክንያት ነው። ሰውየው ልጁን እከክ ይዞበት መጣ። እኔ የሚቀባውን ፈሳሽ በጠርሙስ ሰጠሁት፤ ጠዋትና ማታ ይቀቡት፣ ልብሱን ይቀቅሉ፣ ብዬ በሚገባ አስረዳሁና፣ "ገባዎት አባቴ?" አልኩት።

"በደንብ እንጅ ልጄ! እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። ጋሽ ይስማው በር ላይ ያዙት።

"አያ፣ እንዲያው ቤት ሲገቡ፣ ባለቤትዎ 'ምን ሰጡህ?' ቢሉ ምን ይሏቸዋል?"

"ምን እላታለሁ፤ ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ አጠጭው እላታለሁ።"

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ይስማው ግን ሰውየውን አላሳፈሩትም፤ "እኛ ነን አጣመን የነገርንዎ" ብለው እንደገና ጀመሩ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ 'ገባኝ' ማለት ለእኛ አገር ሰው ምርቃት ነው፣ መልስ አይደለም። ለደከምሽበት የሚሰጥሽ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጋዋን ለለበሰ ሰው "አልገባኝም" ማለት ነውር የሚመስለው ሰው ነን።

መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊትም፣ "ትናንት እንዴት ዋሉ?" ይላሉ። ጨዋታ ይመስላል እንጂ ጨዋታ አይደለም። መቼ ተነሡ፣ መቼ እህል ቀመሱ፣ መቼ ተኙ፣ ሁሉን ይሰሙና ኪኒኑን ከሰውየው ውሎ ጋር ያስሩታል፤ "ይችን ከብት ሲወጣ፣ ይችን ከብት ሲገባ" እያሉ። አንዲት ሴት፣ "እኔ ከብት የለኝም" ብትላቸው፣ "የጎረቤት ከብት አይታይዎትም?" አሏት። ሴትዮዋ እየሳቀች ሄደች፤ መድኃኒቷንም በወጉ ጨረሰች።

ከእሳቸው በኋላ ብዙ ቦታ ዞርኩ። አምበርና ሮብ ገበያ በሚባሉ ከተሞች ሠራሁ፣ ከዚያ ዲግሪ፣ ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪ። አለቆች ተፈራረቁብኝ፤ ደጉም ክፉውም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ "ሪፖርቱስ?" በመጨረሻ ስለ ወጣቶች የሚያጠና ሥራ ተገኘና ሞጣ ተመደብኩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወላጅ ማንበብ በማይችልበት ቤት የመድኃኒቱን ጽሑፍ የሚያነበው ልጁ ነው። ልጁ በትክክል ካነበበ ቤተሰቡ ሁሉ ዳነ። ወጣቶቹ ለራሳቸው "አንባቢዎቹ" የሚል ስም አወጡ። እኔም ወደድኩላቸው።

ከአንባቢዎቹ ሁሉ የማልረሳት ጥሩወርቅን ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስታዳምጥ ዓይኗን የማትነቅል። አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ የቅኔ መምህር ነበሩ። ጎጇቸውን የከበቡት የተማሪ ጎጆዎች ነበሩና ልጅቱ ያደገችው ቅኔ ስትሰማ ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማችው አይጠፋባትም። አንድ ቅዳሜ አንዱ ልጅ የሳል ሽሮፕ አምጥቶ፣ "ጊዜው አላለፈም፣ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል" ብሎ አነበበ። ጥሩወርቅ እጇን አወጣች።

"ሲስተር፣ ይኸ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ሲሆን እኮ አልፎበታል።"

 ያን ቀን ስንት ልጅ ወደ ቤቱ ሮጦ መደርደሪያ እንደፈተሸ እግዚአብሔር ይወቀው። እኔ በዲግሪ ላይ ዲግሪ ደርቤ ያላሰብኩትን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነገረችኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ልጅ አልወለድኩም፤ ብወልድ እንደሷ ያለችውን ነበር የምመኘው።

ያኔ ነው ጥጋብ የገባኝ። ልጆቹ በቃል መያዝ ይችሉበታል። እኔም ሦስት ትእዛዝ አወጣሁላቸውና በአንድ ድምፅ አስባልኳቸው፦ "መድኃኒት አይዘለልም! አይጋራም! አይቋረጥም!" እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ሲያሰሙ ጭብጨባው ይቀልጣል። የጥናቱን መጠይቅም ስሞላ፣ በቃሉ ለወጣው ሁሉ "ተረድቷል" በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ጋሽ ይስማው አንድ ጊዜ ዘመድ ሊጠይቁ ሞጣ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሰሙን። ስንወጣ፣ "ዜማው ይጥማል" አሉ። ቀጠል አድርገውም፣ "ትናንት እንዴት ዋላችሁ ትያቸዋለሽ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እሱ መጠይቁ ላይ የለም" አልኳቸው። ስቄ ነበር የመለስኩላቸው። ያ ሳቄ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሁዳዴ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ወረቀት ልወስድ ገብቼ ከክፍላችን ስወጣ ጥሩወርቅ ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ። አባቷ ሲያሸናቸውና ሲያደክማቸው ከርሞ ስኳር ተገኘባቸው፤ ከአንድ ክሊኒክም ኪኒን ተሰጥቷቸዋል። ፖስታውን አሳየችኝ። "ጠዋት አንድ፣ ከቁርስ ጋር" ይላል።

"የአባቴን መድኃኒት የምሰጣቸው እኔ ነኝ፤ አይዘለልም አይደል ሲስተር?"

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነበር። አለቃዬ ሪፖርት ይፈልጋል። "አይዘለልም፣ ጎበዝ! ገባሽ አይደል?" አልኳት።

"ገብቶኛል" አለችኝ።

ልብ በሉልኝ። ያን ስናገር እኔ ራሴ ጾመኛ ነበርኩ። ሰዓቱ ወደ ስድስት ሆኗል፤ ከምራቄ በቀር የዋጥኩት የለም። ሾፌሩም ጾመኛ፣ ልጅቱም ጾመኛ፣ አባቷ ደግሞ ከቅዳሴ በፊት ውሃ እንኳ የማይቀምሱ መምህር። በከተማው ቁርስ የሚበላ አዋቂ ፈልጎ ማግኘት በሚቸግርበት ወር፣ "ከቁርስ ጋር" የሚል ወረቀት በእጄ ይዤ አነበብኩት፤ ቁርሱ ግን የት አለ ብዬ አላሰብኩም። ፈረንጅ ቢሳሳተው አገሩን ባያውቅ ነው ይባላል። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ።

ጥሩወርቅ የተማረችውን አደረገች። ቁርስ ተዘለለ፤ መድኃኒት ግን አይዘለልም። በማግስቱ ጠዋት ለአባቷ ኪኒኑን በጉንጭ ውሃ ሰጠቻቸው። እሳቸው ውሃውን እንኳ እንቢ ብለው ነበር አሉ፤ ልጃቸው ለምና፣ "አይዘለልም፣ አባዬ" ብላ፣ ለእሷ ሲሉ ዋጡት። በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቻቸው ዙሪያቸውን ተቀምጠው ሳሉ መሪጌታ ዝም አሉ።

የስኳር ኪኒን ባዶ ሆድ ላይ ሲወርድ በደም ውስጥ ያለችውን ጥቂት ስኳር ይጨርሳታል። ሰውየው ያልበዋል፣ ነገር ይጠፋበታል፣ ከዚያ ይወድቃል። በሰዓቱ ሁለት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ የሚያጠጣው ቢገኝ ይመለሳል። ግን የቅኔ መምህር ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ማን ይነካዋል? ቅኔ እየቆጠረ፣ በልቡ እየደረደረ ነው ይባላል፤ ከሐሳቡ ማናጠብ ድፍረት ነው። አንደኛው ተማሪያቸው ኋላ እያለቀሰ፣ "ላቡንም አይተናል ሲስተር። ምስጢሩ ከብዷቸው ነው ብለን ጠበቅናቸው" አለኝ። እስከ ቀትር ጠበቋቸው። ከወንበራቸው ሲወድቁ ነው በቃሬዛ የተወሰዱት።

ሐኪም ቤት ደርሼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የመሪጌታ እኅት እማማ ደብሬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጥሩወርቅ ላይ ይጮሁ ነበር።

"ማን ስጪ አለሽ? ንገሪኝ! ለጾመኛ ሰው ማን ስጪ አለሽ?"

ልጅቱ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉን ታያለች። አልመለሰችም። እኔ ከሦስት እርምጃ የማይበልጥ ርቀት ላይ፣ ጋዋኔን ለብሼ፣ እየሰማሁ ነበር። አፌን ልከፍት ብዬ ተውኩት። ሥራው ይዘጋል አልኩ፤ ስሜ ይጠፋል አልኩ፤ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

መሪጌታ በማግስቱ ነቁ። ልጃቸውን አወቋት፣ እኅታቸውን አወቋቸው። ቅኔው ግን ሄዷል። አንድ ቤት ይጀምሩና ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ እንደጠፋበት ሰው ዙሪያቸውን ያያሉ። ሀብታቸው ሁሉ በቃል የተያዘ ነበር፤ ወረቀት ላይ ያስቀመጡት የለም። ተማሪዎቹ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ጠበቁ፤ ከዚያ አኩፋዳቸውን እያነገቱ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። ጥሩወርቅ ትምህርቷን ትታ አባቷን ለማስታመም ቤት ቀረች። ቅዳሜ ስትቀር አንባቢዎቹ ወንበሯን ባዶ አደረጉላት፤ ማንም አይቀመጥበትም ነበር።

እኔስ? ሪፖርት ጻፍኩ። "ቤተሰቡ መመሪያውን በትክክል ባለመረዳቱ" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አለበት። ብዙ ጽፌያለሁ፤ እንደዚያች ያለ ውሸት ግን አልጻፍኩም። ቤተሰቡ በትክክል ተረድቷል። ያልተረዳሁት እኔ ነኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠየቅሁና ቢቸና ገባሁ። ከዚያ በኋላ ባስተማርኩበት ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው "ትናንት እንዴት ዋላችሁ?" የሚለውን ነው፤ ጾምን፣ ሰንበትን፣ የገበያ ቀንን ሳልጠይቅ ስለ ኪኒን አላወራም። ሰዎች "የሲስተር ውዴ ዘዴ" ይሉታል። የጋሽ ይስማው ነው፤ እሳቸው ግን ይህን ሳይሰሙ ዐረፉ። የእኔ ድርሻ ዘግይቶ መማር ብቻ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ ግድም ቢቸና ውስጥ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። የምትሸጠው ወጣት ፊቴን አይታ ጮኸች፤ ከድሮዎቹ አንባቢዎች አንዷ ናት። ተቃቀፍን። ስለ ሁሉም ጠየቅኋት፣ የጥሩወርቅን ግን መጨረሻ ላይ።

"አለች ሲስተር። የኔታ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቆይተው ዐረፉ። ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመታቸው ነው፤ ተዝካራቸው በዚህ ወር ይወጣል።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አገሩ እስካሁን 'አባቷን ያደነዘዘች' ነው የሚላት። አክስቷ አያናግሯትም። ተዝካሩን የምትደግሰው እሷ፣ ከዘመድ መሐል የማትቀመጠውም እሷ።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መንገዱ ያን ሰሞን አንድ ቀን ክፍት፣ ሦስት ቀን ዝግ ነበር፤ ሲከፈት ጠብቄ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ሞጣ ተቃረብን። የመማሪያ ክፍላችን መስኮት ከመንገዱ ይታያል። አንገቴን አዙሬ እስኪሰወርብኝ ድረስ አየሁት።

ጥሩወርቅ ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አላት። ሳታመነታ አወቀችኝ። ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ያጠናሁትን ንግግር ትቼ፣ "ጥሩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ ሲስተር" አለች።

"ታውቂያለሽ?"

"ያን ቀን ቤት ገብቼ ነገሩን ሳገላብጠው ገባኝ። ስምዎን ግን አልጠራሁም። ብጠራ ቅዳሜው ይዘጋ ነበር፤ ሌሎቹ ገና መማራቸው ነው ብዬ።"

ይህን ስትነግረኝ የደብተር ጥቅል ትፈታ ነበር። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜን እኔ ብቻ የምናፍቅ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ግን ልጅነቷን ከፍላበታለች።

የተዝካሩ ዕለት ዳሱ በሰው ተሞላ። ካህናቱ ጸሎቱን ሲጨርሱ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅጄ ተነሣሁ።  "እኔ ሲስተር ውድነሽ ነኝ" አልኩ፤ "ለመሪጌታ ያንን ኪኒን ስጪ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ ጠይቃኝ ነበር። ቁርስ እንደማይበሉ እያወቅሁ ሳላስብ 'አይዘለልም' አልኳት። እሷ የታዘዘችውን ፈጸመች። አጥፊዋ እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።"

 እማማ ደብሬ ከሴቶቹ መሐል አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

"ያን ቀን እዚያ ቆመሽ አልነበረም?" አሉኝ።

"ቆሜ ነበር እማማ።"

"ስጮህባት ትሰሚ ነበር?"

"እሰማ ነበር።"

"ታዲያ ይኸን ሁሉ ዓመት የት ነበርሽ?"

"ቢቸና" አልኩ።

ቢቸና ከሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፤ ያን በዳሱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እማማ ደብሬ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ወደ እኔ የሚመጡ መስሎኝ፣ የሚያደርጉኝን ሁሉ ልቀበል ቆሜ ጠበቅሁ። አጠገቤ ሲደርሱ ግን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ አለፉኝ። ጥሩወርቅ ጥግ ላይ ማሰሮ ታቅፋ ጠላ ለመቅዳት ቆማ ነበር። እማማ ደብሬ ምርኩዛቸውን ምሰሶው ላይ አስደገፉና ማሰሮውን ከእጇ ተቀበሏት።

"ነይ ከዘመድሽ ጋር ተቀመጭ፣ ልጄ" አሏት። "ዛሬ እኔ እቀዳለሁ።"

ጥሩወርቅ ተቀመጠች።